ጋቢ የለበሰው ኮምፒዩተር

ለኮምፒዩተራችሁ ከባድ ሥራ ሰጥታችሁት፣ ማያው ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ ሲሞላ ቀኑን ሙሉ ጠብቃችሁ፣ ትንሽ ሲቀረው መብራት ድርግም ብሎባችሁ ያውቃል? እኔ ደርሶብኛል። የማሽኑ ማራገቢያ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ሲቆም ክፍሉ እንዴት ጭር እንደሚል የደረሰበት ያውቀዋል። የምነግራችሁ ግን መብራቱ ስለጠፋበት ማክሰኞ ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ስለመጣው ሐሙስ ነው።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሉማሜ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ነገርን ከሥሩ ጀምሬ ካላስረዳሁ የማይዋጥልኝ ዓይነት መምህር ነበርሁ፤ ተማሪዎቼ «መምህር፣ አጭሩን ይንገሩን» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ከማስተማሩ ጋር የሳይንስ ክበቡን እመራለሁ። ክበቡ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ነበረው። «ነበረው» ስል ግን ማሽኑ የተመዘገበው በንብረት ክፍሉ ኃላፊ በጋሽ ምትኩ ስም ነው፤ የሚቀመጠውም ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋር በምትያያዝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጋሽ ምትኩ ማሽኑን እንደ ክቡር እንግዳ ነበር የሚያዩት። ባለቤታቸው በኪሮሽ የሠሩለት ነጭ ዳንቴል ነበረው፤ ሥራ ጨርሰን ገና ሳንነሣ ያለብሱታል።

በዚያ ዓመት ማሽኑ ላይ የምንሠራው አንድ ፊልም ነበር። የፊልሙ ባለቤት የኔነሽ ተገኘ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከአባቷ ማሳ ጥግ አንድ ቦረቦር አለ። ጎርፍ እየቦረቦረ አፈሩን የሚወስድበት ጥልቅ ገደል ነው። የኔነሽ አንድ ችካል ተከለች። ክረምቱን በሙሉ፣ ዝናብም ቢሆን ጭጋግ፣ በየቀኑ በዚያው ችካል ላይ የእኔን ትንሽ ካሜራ አስደግፋ ያንኑ ቦታ ስታነሣ ከረመች። ጎርፉ ሲመጣም ቀረጸችው። ሁሉም በተርታ ተሰድሮ ሲሮጥ የአንድ ክረምት ጥፋት በጥቂት ደቂቃ ይታያል።

ይህን ያደረገችው ለውድድር ብላ አልነበረም። አባቷ አያ ተገኘ ቦረቦሩ እንደሚሰፋ አያምኑም።

«ይህ ገደል ከአባቴም ዘመን ነበር» ይሏታል። «እሱም አይሄድ፣ እኔም አልሄድ። ተዋውቀን ነው የምንኖር።»

ቦታው ታጥሮ ሣርና ዛፍ ይተከልበት ሲባል እሺ ያላሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው እሺ ካላሉ ደግሞ ጎረቤቶቻቸውም አይሉም። ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ላይ የትምህርት ቤቶች የሳይንስ አውደ ርዕይ ነበር። የኔነሽ አባቷን ለምና ለምና፣ መጥተው ሊያዩላት ቃል አስገብታቸዋለች። «አንድ ጊዜ እመጣለሁ» ብለዋታል። «ሁለተኛ ግን ስለዚህ ገደል እንዳታነሺብኝ።»

ስለዚህ ፊልሙ ቅዳሜ መድረስ ነበረበት።

መብራት በዚያ ሰሞን በፈረቃ ነው። አንድ ቀን ከንጋት እስከ ምሽት ይኖራል፣ በማግሥቱ የለም። ያ ሁሉ ሥዕል ተሰፍቶ አንድ ወጥ ፊልም ሆኖ እንዲወጣ ማሽኑ ሳይቋረጥ መሥራት አለበት፤ ከተቋረጠ ከዜሮ ይጀምራል። በቁራጭ በቁራጭ ላውጣው ብዬ ሞክሬ ድምፁና ሥዕሉ አልገጥም አለኝ። ማክሰኞ መብራቱ እንደመጣ አስጀመርሁት። ማታ መስመሩ ሊሞላ ከአሥር አንድ እጅ ሲቀረው ጨለመ። የኔነሽ አጠገቤ ነበረች። ደብተሯን አንሥታ «ሐሙስስ?» ብቻ አለችኝ።

ረቡዕ መብራት የለም። ዓርብም አይኖርም። የቀረችን ሐሙስ ብቻ ናት፤ የሐሙስ ቀን ደግሞ ከማክሰኞ አይረዝምም። ቀኑን ማስረዘም ካልቻልሁ ማሽኑን ማፍጠን አለብኝ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፣ ታገሡኝ። ደቦ ወጥታችሁ ታውቁ ይሆናል። አውራጁ ያዜማል፣ አጫጆቹ በዜማው ልክ ማጭዳቸውን ይወረውራሉ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ የታጨደውን እየሰበሰቡ ነዶ ያስራሉ። ኮምፒዩተር ውስጥም እንዲሁ ነው። ምት የሚመታ አውራጅ አለ። ፕሮሰሰሩ አጫጁ ነው፤ ለእያንዳንዷ ምት አሥር ጊዜ ያጭዳል። ሜሞሪው ነዶ ሰብሳቢው ነው። የእኛ ማሽን አውራጅ ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት መቶ በሚባል ምት እንዲያዜም ተደርጎ ነው። ፋብሪካው ቁጥሩን ሲወስን ግን ማሽኑ በረሃም ይሂድ፣ በአቧራም ይታፈን፣ እንዳይወድቅ ብሎ ዝቅ አድርጎ ነው። የእኛ ማሽን ያለው በታኅሣሥ ውርጭ፣ ከጮቄ ተራራ በኩል ንፋስ በሚወርድበት አገር ነው። ማሽኑ ገና ሲነሣ በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ ላይ ያንን ቁጥር ከፍ ማድረግ ይቻላል። ተማሪ ሳለሁ አንድ የዶርም ጓደኛዬ ለጌም ብሎ ሲያደርገው አይቻለሁ። ራሴ ግን አድርጌው አላውቅም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሄጄ የጋሽ ምትኩን በር አንኳኳሁ። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው፣ ቁልፎቻቸውን እያንሿሹ መጡ።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ፍጥነቱን ልጨምርለት ነው፣ ጋሼ።»

«በምን? ነዳጅ ይደረግለታል?»

«ቁጥር ነው የምቀይረው።»

«ቁጥር ተቀይሮ የፈጠነ ምን አለ? የእኔ ዕድሜ ቁጥሩ በየዓመቱ ይቀየራል፤ እግሬ ግን እየዘገየ ነው።»

«ይኼኛው ይፈጥናል።»

«ቢሞትስ?»

«አይሞትም። ከበዛበት ራሱ ይቆማል እንጂ።»

«እንግዲህ ቢሞት ለቅሶ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አሉና በሩን ከፈቱልኝ።

ሥራ በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የማሽኑን ጎን ከፈትሁ። የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ በአቧራ ተለብዶ የበግ ቆዳ መስሎ ነበር፤ በብሩሽ ጠረግሁት። መብራቱ ሲመጣ ምቱን ከሁለት መቶ ወደ ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት ከፍ አደረግሁ። ተነሣ። ሥራውን አስጀምሬ በሰዓቴ ያዝሁት፤ ሒሳቡ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ተርፎን እንደሚያልቅ አሳየኝ። ብርዱ እንዲገባለት መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትሁና ማሽኑን ከሥሩ አስጠጋሁት። ከዚያ ደወል ተደወለ። በዚያ ሳምንት የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ ተረኛ እኔ ነበርሁ።

«ጋሼ፣ አደራ» ብያቸው ሮጥሁ።

ነገርን ማስረዳት የምወድ ሰው፣ ለማስረዳት ዕድል ባገኘሁባት በዚያች ቅጽበት አንዲት ቃል ብቻ ተናግሬ ወጣሁ። አደራ የሚለው ቃል ደግሞ ለጋሽ ምትኩ ቀላል ቃል አይደለም።

ስመለስ መስኮቱ ተዘግቷል። ማያው ጥቁር ነው። ማሽኑ የጋሽ ምትኩን ጋቢ ለብሷል፤ ለሕፃን እንደሚደረገው ጫፉ ከሥሩ ተጠቅልሎለት፣ ትንፋሽ የሚወጣበት አንዲት ቀዳዳ አልቀረችለትም። እሳቸው አጠገቡ በርጩማ ላይ በስስ ኮት ተቀምጠው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ይንቀጠቀጣሉ።

«ቀስ በል፣ አሁን ተኛልህ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መስኮቱን በርግደህበት ሄደህ፣ ብርዱ ሲመታው ያቃስት ነበር። ጋቢዬን ደረብሁለት። ባሰበትና ትንሽ ጮኸ። ኋላ ዝም አለ።»

በዚያ ውርጭ ላያቸው ላይ የነበረውን አንድ ጋቢ አውልቀው ነው ያለበሱት። ጋቢውን ገለጥሁ። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ።

«ጋሼ፣ የሚያቃስተው በርዶት አይደለም፤ ሞቆት ነው። እየሮጠ ያለ ሰው ማለት ነው።»

«የሮጠ ሰውማ ይሸፈናል» አሉ ቆጣ ብለው። «ላብ ላይ ያለ ሰው ንፋስ ከነካው ይመታዋል። ይህን እናትህ አልነገረችህም?»

«ይኼኛው ላብ የለውም። ሙቀቱን የሚያወጣው በንፋስ ብቻ ነው። ይንኩት እስቲ።»

እጃቸውን ወደ ብረቱ አስጠጉና ወዲያው መለሱ። ለአፍታ ማሽኑን አዩት፣ ጋቢያቸውን አዩት።

«እና እኔ ነኝ ያፈንሁት?»

«እኔ ሳላስረዳዎት ስለሄድሁ ነው።»

«ልጅቱ ምን ትላለች?» አሉ። ጋቢውን አንሥተው ለመልበስ እንኳ አልፈለጉም፤ እቅፋቸው ውስጥ አደረጉት።

ሒሳቡን እንደገና ሠራሁ። የተሠራው ሁሉ ጠፍቷል። አሁን በዚያው ፍጥነት ባስጀምረው መብራቱ ቀድሞን ይሄዳል። ያለው ምርጫ ወደ ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት መውጣት ነው። ሲሶ መጨመር ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ የሚደርሰው ለጥቂት ነው። ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ቁጥሩን ጻፍሁና አስነሣሁት።

ማያው ጥቁር ሆኖ ቀረ። ማራገቢያው ይዞራል፤ ሌላ ነገር የለም። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው ነው።

«ገደልኸው» አሉ ጋሽ ምትኩ፣ ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብለው።

ከዋናው ሰሌዳ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። ነቀልኋት።

«ልቡን አወጣህበት?»

«ትዝታውን ነው፣ ጋሼ። ያሳበደውን ቁጥር ይርሳው ብዬ ነው።»

«ይህን ለሰውም ቢያደርጉት ጥሩ ነበር» አሉ።

ባትሪዋን መልሼ አስነሣሁት። ማያው በራ። በጋሽ ምትኩ ፊት ላይ ያየሁትን ነገር በክብረ በዓል ቀን ነው የማየው። እኔ ግን ችግሩ የት እንደሆነ ገና ማግኘት ነበረብኝ። አጫጁ ነው የደከመው ወይስ ነዶ ሰብሳቢው? አንድ በአንድ መለየት አለብኝ። አውራጁ ሲያፈጥን ሜሞሪውም አብሮ ይፈጥናል፤ የእኛ ሜሞሪ ደግሞ አሮጌ ነው። ስለዚህ ምቱን ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት ላይ መልሼ፣ ሜሞሪው ብቻ ከአውራጁ ትንሽ ወደኋላ እንዲል አደረግሁት፤ በአንድ ነዶና በሌላው መካከል ትንፋሽ የሚወስድበት ጊዜ ጨመርሁለት።

«ሰብሳቢው ነው የደከመ» አልኋቸው።

«እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ጥንትም ይገባኝ ነበር» አሉ። «የደከመን ሰብሳቢ አይገርፉትም። ነዶውን ያሳንሱለታል።»

ተነሣ። እያንዳንዷ ደቂቃ ብታስፈልገንም ሳልፈትነው ሥራ አልሰጠሁትም፤ ሳይፈተን ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያልፍ ተማሪ የለኝም። ከባድ ስሌት ሰጥቼ ለአጭር ጊዜ ፈተንሁት። አልተሳሳተም። ሙቀቱን አየሁ፣ ደኅና ነው። ሥራውን አስጀመርሁና የክፍል ደወል ተደወለ።

አሁን በሩ ላይ ቆሜ አስረዳኋቸው። ማያው ጥግ ላይ ያለውን የሙቀት ቁጥር አሳየኋቸው፤ ሰባን ካለፈ ይላኩብኝ አልሁ። የጎኑ ክዳን እንደተከፈተ ይሁን፣ መስኮቱ አይዘጋ፣ ማንም ምንም አያልብሰው።

«ሂድ» አሉኝ። «ዛሬ እንኳን ጋቢ፣ ዝንብ አያርፍበትም።»

ያን ቀን ምን እንዳስተማርሁ አላስታውስም። በዕረፍት ሰዓት ስመጣ የኔነሽ ቀድማኝ በመስኮቱ በኩል ቆማለች። የሆነውን ሁሉ ጋሽ ምትኩ ራሳቸው ነግረዋታል።

«አልተቆጣሽኝም?» አሏት።

«ጋሼ፣ እኔም ብሆን አለብሰው ነበር» አለች።

ቀትር ላይ ፀሐይ በረታች። ንፋሱ ቆመ። ደጋ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ በቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ትሞቃለች። ቁጥሩ ስድሳ አምስት አለ፣ ስድሳ ስምንት አለ። ክፍል ውስጥ እያለሁ አንድ ተማሪ መጥቶ «ጋሽ ምትኩ ሰባ ሊሆን ነው ብለዋል» ሲለኝ ጠመኔዬን ጥዬ ወጣሁ። ፍጥነቱን ልቀንስ ብል ማቋረጥ ግድ ነው፤ ካቋረጥሁ አለቀ። ቁሜ ሳስብ ጋሽ ምትኩ ቁልፎቻቸውን አወጡ። ከክፍሏ ወደ ግምጃ ቤቱ የሚያሳልፍ በር አለ። ከግምጃ ቤቱ ወደ ጓሮ የሚወጣ ሌላ በር አለ። ያ የጓሮ በር ንብረት ይወጣበታል ተብሎ በእሳቸው ዘመን ተከፍቶ አያውቅም። ወንበሮችና የተሰበሩ ሰሌዳዎች አንሥተን፣ ዝገቱን ታግለን፣ ሁለቱንም በሮች ከፈትን። ከጓሮው ጥላ በኩል የቀዘቀዘ አየር ግምጃ ቤቱን አቋርጦ በማሽኑ ላይ አልፎ በመስኮቱ ወጣ። ቁጥሩ ስድሳ ስድስት፣ ስድሳ ሦስት እያለ ወረደ። ጋሽ ምትኩ ጋቢያቸውን ለብሰው በጓሮው በር ላይ በርጩማቸውን አኖሩ፤ ንብረቱንም ንፋሱንም አብረው ሊጠብቁ።

ማታ ከክፍል የወጡ መምህራን በመስኮቱ አንገታቸውን እያስገቡ «ደረሰ?» ይላሉ። መስመሩ ማክሰኞ የቆመበት ቦታ ላይ ሲደርስ የኔነሽ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ማየት አልፈለገችም። አለፈው። ከጎረቤት ወፍጮ ቤት የሚሰማው ድምፅ እየቀነሰ ነው፤ እነሱም ሰዓቱን ያውቁታል። መስመሩ ሞላ። ማንም አልጮኸም፤ ምክንያቱም ገና ነበር። ፊልሙን ወደ ፍላሽ መገልበጥ አለብኝ። ትንንሽ ወረቀቶች ከአንዱ ማኅደር ወደ ሌላው ማያው ላይ ሲበሩ ቆጠርናቸው ማለት ይቻላል። አለቀ። ፍላሹን ነቅዬ ለየኔነሽ ሰጠኋትና ማሽኑን በሥርዓቱ አጠፋሁት።

ወንበሬ ላይ ገና ደገፍ ስል አምፖሉ ጠፋ። በከተማው ሁሉ «ወይ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እኛ ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም በጨለማው ሳቀ።

«መምህር» አሉ ጋሽ ምትኩ ከበሩ በኩል። «አሁንስ ይልበስ?»

«አሁን ይልበስ፣ ጋሼ።»

ዳንቴሉን ትተው ጋቢያቸውን ደረቡለት።

ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አያ ተገኘ ከፊት መደዳ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀመጡ። ፊልሙ ጀመረ። ቦረቦሩ በሐምሌ ከማሳው ዳር ነበር፤ በነሐሴ አጥሩን ዋጠ፤ በመስከረም ማሳው ውስጥ ካለች አንዲት ግራር ሥር ደረሰ፤ ከዚያ ግራሯ ዘንበል፣ ዘንበል ብላ ገባችበት።

«እንደገና አሳዩኝ» አሉ አያ ተገኘ። ዳኞቹ ተያዩ፤ አሳየናቸው።

ሲያልቅ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህ ነገር እንዲህ ይሮጣል እንዴ?»

«እሱ ሁልጊዜም ይሮጣል፣ አባዬ። የቆምነው እኛ ነን።»

አያ ተገኘ ዱላቸውን ተመርኩዘው «ጎረቤቶቼም ይዩት» ብለው ተነሡ። አንደኛ ወጣን፤ ጭብጨባውም ጥሩ ነበር። የእኔ ሽልማት ግን የሚቀጥለው ክረምት ላይ መጣ፤ ያ ቦረቦር ዙሪያውን ታጥሮ፣ ሣር ይዞ፣ የመጀመሪያውን ችግኝ አያ ተገኘ ራሳቸው ሲተክሉ አየሁ። ችግኙ የተተከለው ከየኔነሽ ችካል ጎን ነው።

ጋሽ ምትኩ እስከ ጡረታቸው ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ይህ ማሽን እንደ እኛ ነው፤ የሚሠራው ሲበርደው ነው» ሲሉ ኖሩ።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ እንደ ድሮው አላስተምርም። ድሮ ተማሪ ሲመጣልኝ ካለፈው ክፍል ይዞት የመጣውን ውጤት አይቼ «ይህ የሚችለው ይህን ያህል ነው» እል ነበር። አሁን ያ ቁጥር ፋብሪካው የጻፈው፣ ለጥንቃቄ ዝቅ ብሎ የተጻፈ ቁጥር ይመስለኛል። ትንሽ እጨምርለታለሁ፣ እፈትነዋለሁ፣ የደከመው የት ላይ እንደሆነ እለያለሁ፣ ነዶውን አሳንሼ እንደገና እጨምራለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አደራ ከማለቴ በፊት አስረዳለሁ።

እናንተም ሞክሩት። መጀመሪያ ሥራችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። የማሽናችሁን ጎን ክፈቱ፣ አቧራውን ጥረጉ። ቁጥሩን በትንሹ ጨምሩ፣ ፈትኑት፣ ሙቀቱን እዩ፤ ደኅና ከሆነ ደግሞ ጨምሩ፤ ካኮረፈ ወደ ነበረበት መልሱት። በዚያው ገጽ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ኃይል መጠን ግን አትንኩበት፤ እኔም አልነካሁትም። ከሁሉ በፊት ግን አሁን ተነሡና ኮምፒዩተራችሁ ላይ ያለውን ዳንቴል አንሡለት።